ባትሪው ጋለ

ደብረ ታቦር፣ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ተቀጥሬ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ማቃጠል ነበር። ጋሽ ሰይድ የእጅ ባትሪ አስመጥተው ለእብናትና ለይፋግ ቸርቻሪዎች ያከፋፍላሉ። እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው ሲጠፋ ነው እሳቸው ዘንድ የሄድኩት።

«ምትኩ፣» አሉኝ፣ «ከየካርቶኑ አንድ አንድ አውጣና እስኪሞት አብራው። ስንት እንደሚችል ንገረኝ። ከሸጥኩት በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ዕቃ አልፈልግም።»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። የጣቴን ጥፍር ለማታህል አምፖል የወፍጮ ሞተር የሚያዞር ዋት ተጽፎላታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ያን ያተመ ሰው አምፖሏን በዓይኑ አይቷት እንደማያውቅ እምላለሁ።

አሠራሬ እንዲህ ነበር። ኤል ኢ ዲዋን፣ ማለትም ያቺን መሐሏ ቢጫ የሆነ ትንሽ አምፖል፣ ከባትሪው ጭንቅላት አወጣታለሁ። ከአሮጌ ድስት ቂጥ በቆረጥኩት ወፍራም አሉሚኒየም ላይ በብሎን አጠብቃታለሁ። ከዚያ አምፔሩን እንደፈለግሁ ከሚመጥንልኝ ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኛትና ከትንሹ እጀምራለሁ። መጀመሪያ በጨመርኩ ቁጥር ትደምቃለች። ቀጥሎ ብጨምርም አትደምቅም፤ የተረፈው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ከዚያ ነጩ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ ካለች አበቃላት፤ ትንሽ ጭስ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ድርግም። የሞተችበትን አምፔር እጽፋለሁ። ዕቃው ሥራ ላይ ሲሆን ከዚያ አምፔር ግማሽ በላይ የሚያሳልፍባት ከሆነ ካርቶኑ ወደመጣበት ይመለሳል።

ቸርቻሪዎቹ ደግሞ የራሳቸው ምርመራ ነበራቸው። ባትሪውን አብርተው ዓይናቸው ላይ ይደግኑታል፤ ዓይን ካላስነባ ደካማ ነው ማለት ነው። አንድ የይፋግ ሰው እኔ የጣልኩትን ዓይነት አንስቶ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ «ባትሪ ማለት ይህ ነው!» አለኝ።

«ዓይንህንም አብረህ ልትሸጠው ነው?» አልኩት። አልሳቀም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳቅሁበት።

ከሁሉ የምንቀው የአገሬውን አነጋገር ነበር። በእኛ አገር የእጅ ባትሪው ራሱ «ባትሪ» ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። ቻርጅ የሚደረገው ከመጣ በኋላ እንኳ የጉና ተራራ ገበሬ «ድንጋዩ አልቆብኝ» ብሎ ይመጣል።

«አባቴ፣ ድንጋይማ ጉና ላይ ሞልቶልዎት የለም እንዴ? ይህ ባትሪ ነው የሚባል» እለዋለሁ። ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ይስቃል። ሰውየው አፍሮ «ባትሪው» ብሎ ይደግምልኛል። ያሠለጠንኩት ይመስለኝ ነበር።

ሲስተር ትርንጎ ጉና ሥር ያለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ናት፤ የዚያው አገር ልጅ። መብራት በጠፋ ቁጥር በስልክ ብርሃን ማዋለድ ስለሰለቻት፣ ሁለት እጇ ነፃ እንዲሆን ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ፈልጋ መጣች።

«ድንጋዩ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ አያ ምትኩ?» አለችኝ።

«አንቺም ተምረሽ ድንጋይ ትያለሽ?» አልኳት። ፊቷ ቀላ። የመረጥኩላት ባትሪ አምፖሏ ድስቱ ቂጥ ላይ ብዙ የቻለች፣ ማቀፊያ ቤቱ ግን ፕላስቲክ የሆነ ነበር። «ለዚህ ዋሱ እኔ ነኝ» ብዬ ሰጠኋት።

ክረምት ላይ ደወለችልኝ። «አያ ምትኩ፣ ባትሪው ጋለብኝ። ምን ላድርገው?»

ያስተማርኳትን ቃል በመጠቀሟ ደስ አለኝ። «አርጅቶ ነው። ጠንካራ እልክልሻለሁ፣ ለውጪው» አልኳትና፣ ውስጡ ከሚገቡት ሁሉ ኃይለኛውን ባለ ቻርጅ መርጬ ወደዚያ ለሚወጣ ሰው አስያዝኩት። ሌላ አልጠየቅኋትም። ማን አዋቂ አለና ከእኔ በላይ!

ሳምንት ሳይሞላ ራሷ መጣች። ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ቀልጧል። ሻሿን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ግንባሯ ላይ የቀረውን ቀይ የቃጠሎ ምልክት አሳየችኝ።

«ወላዷ እየደማች ነበር» አለች። «ስሰፋት ብርሃኑ ሰማያዊ ሆነብኝ፣ ወዲያው ጠፋ። ቀን ነው፤ ግን ዝናቡ ቤቱን አጨልሞታል፣ ስልኬም ሞቷል። አስታማሚዎቹ ከነአልጋዋ ተሸክመው በሩ ላይ አወጡልኝ። ሴቶቹ ጋቢ ወጥረው ከዝናቡ ጋረዷት። እዚያ ነው የጨረስኩላት።»

«ተረፈች?»

«ተርፋለች፣ ተመስገን። ለአንቱ ግን ጋለ ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

«ባትሪው ነው ያልሽኝ። ባትሪውን ደግሞ ለወጥኩልሽ።»

«ግንባሬ ላይ ያለውን ነው ያልኩዎት! ድንጋዩ አልጋለም። ድንጋይ አትበይ ያሉኝ አንቱ ነዎት። ሁለቱን በአንድ ስም አስጠርተው የቱ ነው ብለው እንዴት አይጠይቁኝም?»

አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። የጋለችው አምፖሏ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ባለ በሌለ ኃይሉ የሚገፋ ድንጋይ ልኬ ጨረስኳት። ጋሽ ሰይድ ከጀርባዬ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል።

«ያን ሁሉ ያቃጠልከው ለዚህ ነው?» አሉኝና ወደ ውስጥ ገቡ።

የትርንጎ ባትሪ ከወጣበት ካርቶን ሌላ አወጣሁ። አሁን አምፖሏን አልፈታኋትም፤ በፕላስቲክ ቤቷ ውስጥ እንዳለች፣ ለትርንጎ በላክሁት ዓይነት ድንጋይ አበራኋት። ሙቀቱን የሚቀበላት ብረት የለም። ትርንጎ አጠገቤ ቆማ እያየች አምፖሏ ሰማያዊ ሆነች፤ ድስቱ ቂጥ ላይ ከቻለችው ግማሹ ላይ እንኳ ሳትደርስ ሞተች። ለካ ስፈትን የኖርኩት ድስቱን ነው!

እንደ አዲስ ልፈትናቸው ካርቶኖቹን በሙሉ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ጭንቅላቱ አሉሚኒየም የሆነ የግንባር ባትሪ በራሱ ድንጋይ እስኪያልቅ ድረስ አብርቼ፣ ሳይግል ሲቀር ለትርንጎ ሰጠኋት።

«ድንጋዩ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ድንጋዩ ስምንት ሰዓት ይቆያል» አልኳት።

ይህን ሥራ ለምትሠሩ የምለው ይህን ነው፦ አምፖል የምትፈተነው በምትገባበት ዕቃ ውስጥ ነው። «ጋለ» ያለ ሰው ደግሞ በራሱ ቃል የቱ እንደጋለ ይጠየቃል። እኔ አንዲት ጥያቄ ንቄ ሰው ልገድል ነበር።