የማናሴ ማሲንቆ እና የስክሪኑ ፕላስተር

አዳማ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ማናሴን ያውቀዋል። ፊቱን ባያስታውስ ኪቦርዱን ያስታውሳል፤ ኪቦርዱን ባያስታውስ ፕላስተሩን አይረሳም። ማናሴ የኪቦርዱን ስክሪን በቁስል ፕላስተር ከሸፈነው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ለምን ሲሉት "ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል" ይላል። ሙዚቀኛው ሁሉ ግን እውነቱን ያውቃል፤ ፕላስተሩ የተለጠፈው ለኪሩ ነው።

ኪሩ የከተማው ሌላው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በወጣትነታቸው አንድ ባንድ ውስጥ እየተፈራረቁ ይጫወቱ ነበር። ታዲያ ኪሩ ተራው ያልሆነ ጊዜ አንገቱን እንደ ሰጎን እያሰገገ፣ ጓደኛው የሚጫወትበትን ድምፅ ቁጥር ከስክሪኑ ላይ የማንበብ ዐመል ነበረው። ማናሴ ደግሞ ድምፅ ሠሪ ነው። ፋብሪካው የሞላለትን ድምፅ እንዳለ አይጫወትም። ከዚህ ይቀንሳል፣ እዚያ ይጨምራል፣ እስኪያምረው ድረስ ሲያሸው ይውላል። ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ማሲንቆ ነው። ከተራ የቫዮሊን ድምፅ ተነሥቶ፣ ጭራው ከጭራው ሲፋተግ የሚሰማውን ሻካራነት ጨምሮበት፣ የወጣ ነገር ነው። ያ ድምፅ ሲነሣ ወገባቸውን ያመማቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከወንበራቸው ይነሣሉ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት፣ የሠርጉ ወር ገና ሲጀምር፣ የኪቦርዱ አንድ ቁልፍ እየተጣበቀ አስቸገረው። ማናሴ ተሸክሞት ወደ ሶረቲ ሄደ። ሶረቲ ሬዲዮውንም ቴሌቪዥኑንም ኮምፒውተሩንም የምትጠግን ወጣት ናት፤ ሱቋ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ነው። ቁልፉን አጸዳችና ውስጡን ስታይ ቆይታ ቀና አለች።

"ጋሼ ማናሴ፣ እንኳን ዛሬ አመጡት። ውስጡ ያለችው ባትሪ ልትሞት ነው።"

"ቀይሪያት።"

"ልቀይራትማ እችላለሁ። ግን የሠሯቸውን ድምፆች ይዛ ያቆየችው እሷ ናት። ባወጣኋት ቅጽበት ሁሉም ይጠፋሉ።"

ማናሴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እንደ ተቀመጠም ስልኩ ጮኸ። ከመቂ፣ የሽንኩርት ደላላው ኦቦ ጆቴ ነበሩ። እሑድ የመጨረሻ ልጃቸውን ዱሬቲን ይድራሉ።

"አካም ጂርታ ማናሴ! ማሲንቆዋ ደህና ናት?"

"ኦቦ ጆቴ፣ እኔ የምልዎት... እውነተኛ ማሲንቆ መቺ ቢመጣስ?"

"አንዴ አምጥቼ ሰምቼዋለሁ። ያንተን አይመስልም!" አሉ ኦቦ ጆቴ። "ትልቋን በዚያ ድምፅ ዳርኳት። ታናሺቱን በሌላ ድምፅ ብድራት ዕድሜ ልኬን አታናግረኝም። እሑድ እንገናኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሶረቲ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መላ ነገረችው። ድምፆቹ ሚዲ በሚባለው፣ ኪቦርድን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው ገመድ ወደ ኮምፒውተር ይተላለፋሉ። በገመዱ የሚሄደው የሚሰማው ድምፅ ሳይሆን የድምፁ አሠራር ነው፤ ወጡ ሳይሆን የወጡ ሙያ እንደማለት። ባትሪው ከተቀየረ በኋላ በዚያው ገመድ ተመልሰው ይገባሉ። ለዚያ ኪቦርድ የተሠራውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዳ ላፕቶፗ ላይ ጫነች። ሞከሩት፤ ግን ገመዷ ርካሽ ስለሆነ መልእክቱ ሲረዝምበት መሃል ላይ እየቆረጠ አስቸገረ።

"ደህና ገመድ ያለው ሰው አለ፤ ግን ስሙን ልጥራው?" አለች።

"አትጥሪው" አለ ማናሴ። ተነሥቶም ባጃጅ ያዘና ወደ ኪሩ ሰፈር፣ ወደ ፍራንኮ ሄደ።

ኪሩ ደጁ ላይ ከጎረቤቱ ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል።

"ማናሴ! ምነው፣ ፕላስተር አለቀብህ?"

"ኬብል ፈልጌ ነው። የሚዲ።"

"እስቲ ድገማት፤ ጎረቤቴ በደንብ አልሰማም።"

ማናሴ ጥርሱን ነክሶ ደገማት። ጎረቤትየው በሳቅ ቆርኪዎቹን በተናቸው። ኪሩ ግን ባትሪው ሊሞት መሆኑን ሲሰማ ሳቁን ገታ። ከቤት ገብቶ ገመዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ።

"ኬብሌ ብቻዋን ከቤት ወጥታ አታውቅም። አብሬያት እመጣለሁ።"

"ና፤ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምታየው።"

"እንደ ተቀጣ ተማሪ?"

"እንደ ተቀጣ ተማሪ።"

እውነትም ሶረቲ ሱቅ ሲደርሱ ኪሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ሶረቲ ገመዱን ሰካች። ኮምፒውተሩ ድምፆቹን ጠየቀ፣ ኪቦርዱም አንድ በአንድ ሰጠ፤ ምንም አላስቸገረም። ሶረቲ ሁለት ቦታ አስቀመጠቻቸው። አሮጌዋን ባትሪ አውጥታ አዲሷን ገጠመችና የመልስ ጉዞውን ጀመረች። ላፕቶፑ "ተልኳል" አለ። ማናሴ እጁን ጭኖ ማሲንቆውን ሲነካ፣ ቅቤ የጠጣ የሚመስል ልስልስ ያለ ቫዮሊን ወጣ። የፋብሪካው ድምፅ ነበር።

እንደገና ላኩ፤ ቫዮሊን። አጥፍተው አበሩ፤ ቫዮሊን።

"የኬብሉ 'መግቢያ' የሚለው ጫፍ የማሽኑ መውጫ ላይ መሰካት አለበት" አለ ኪሩ ለግድግዳው።

"እንደዚያው ነው የተሰካው" አለች ሶረቲ። በዚህ መሃል ደንበኛ ጠራትና ወደ በሩ ወጣች።

ማናሴ ኦቦ ጆቴን አሰባቸው፤ የዱሬቲን ኩርፊያ አሰበው። ከሁሉም በላይ ግን ያን ድምፅ እንደገና ልሥራህ ቢለው መንገዱን እንደማያስታውስ ያውቃል። በአንድ ቀን የተሠራ ነገር አይደለማ።

"ማሽኑ ምን ይላል?" አለ ኪሩ።

"ማሽን ምን ይላል? ቫዮሊን ይላል!"

"ስክሪኑ ላይ ነው የምልህ። ኮምፒውተሩ ላክሁ ሲለው እሱም መልስ ይሰጣል እኮ።"

ማናሴ ፕላስተሩን አየው። ጥግ ጥጉ ጠቁሯል፤ ከኪቦርዱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። ጥፍሩን አስገብቶ ቀስ እያለ ላጠው። ከሥሩ አንዲት ሰማያዊ መስኮት በራች። ጎንበስ ብሎ አያት፤ ጉንዳን የመሰለ ነገር ተሰልፎባታል። ራቅ ብሎ አያት፤ ያው ጉንዳን ነው። ለካ ስክሪኑ ተሸፍኖ፣ ጣቱ ቁልፉን በልማድ እየመረጠ ሲኖር፣ ዓይኑ መድከሙን ልብ ሳይል ቀርቷል።

"ኪሩ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አቤት።"

"ዙርና አንብብልኝ።"

ኪሩ ዞረ። ያችን የድሮ አንገቱን አስግጎ አነበበ። "'ማስታወሻዬ ተቆልፏል፤ አልቀበልም' ይላል።"

ሶረቲ ከበሩ ተመልሳ ስትሰማ ግንባሯን መታች። ባትሪው ሲወጣ ማሽኑ ወደ ፋብሪካ ዐመሉ ተመልሷል፤ በዐመሉ ደግሞ ማንም ምንም እንዳይጽፍበት ይቆልፋል። "የባትሪዋም መድከም እዚችው ላይ ሲጻፍልዎ ከርሞ ይሆናል እኮ፣ ጋሼ!" አለች። ቁልፉን ከፍታ እንደገና ላከች። መስኮቷ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ አለች።

ማናሴ ጣቱን አሳረፈ። ያ ሻካራ፣ ጭራ ከጭራ የሚፋተግበት ድምፅ ሱቁን ሞላው። የኪሩ ትከሻ ፈቃድ ሳይጠይቀው ነቅነቅ አለ።

ማናሴ ደስታው አቅሉን ነሳው። "ሶረቲ፣ ይችን ማሲንቆ ለኪሩም ላኪለት። የሱም ትሁን።"

ኪሩና ሶረቲ ተያዩ።

"አትገባለትም፣ ጋሼ" አለች ሶረቲ። "የአንዱ ማሽን አሠራር ለሌላ ሞዴል አይሆንም። የሳቸው ኪቦርድ ሌላ ነው።"

ማናሴ ወደ ኪሩ ዞረ። "ቁጥሩን ብታየውስ ኖሮ?"

"ቁጥሩን አይቼ ምን አደርገዋለሁ? የኔ ማሽን ላይ እዚያ ቁጥር ላይ ያለው ጥሩምባ ነው።"

"ይህን ታውቅ ነበር?"

"ኪቦርዴን ከቀየርኩ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰይጣን!"

"ደስ ይለኝ ነበራ!" አለ ኪሩ እየሳቀ። "ሠርግ በሄድክ ቁጥር ሰው 'ፕላስተሩ ለምንድን ነው?' ይላል፤ 'ኪሩን ፈርቶ ነው' ይባላል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ማን በነፃ ይሠራልኛል?"

እሑድ መቂ ላይ ዱሬቲ በማሲንቆው ድምፅ ታጅባ ወጣች። ኦቦ ጆቴ ጋቢያቸውን ጥለው መሃል ገቡ፤ የሽንኩርት ጫኙ ሁሉ ተከተላቸው። ማናሴ አዲስ መነጽር አድርጓል፤ ራቁቷን የቀረችው መስኮት ፊቱ ላይ ሰማያዊ ታበራበታለች።

ኪሩ ተጋብዞ ነበርና፣ በዘፈን መሃል ወደ መድረኩ ጠጋ አለ። ከኪሱ አዲስ ፕላስተር አወጣና ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠለት።

"ምንድን ነው?" አለ ማናሴ ከመጫወት ሳያቋርጥ።

"ለጥፈው። ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሁሉ 'ኪሩን ናቀው እንዴ?' እያለ ይጠይቀኛል።"

ማናሴ በአንድ እጁ እየተጫወተ፣ በሌላው የፕላስተሩን ልባስ ላጠና ስክሪኑ ላይ ለጠፈው። ለራሱ የምትሆን አንዲት ቀዳዳ ግን ከጥጉ ተወ።