ዘፋኞቹ ያልመጡበት ኢድ

ሪያድ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መላዝ በሚባለው ሰፈር ቤቷ የምሠራላት ማዳም በኢድ ማግስት ለግማሽ ቀን ስለፈቀደችልኝ፣ ሐበሾች ከከተማው ዳር ግቢ ተከራይተው ወዳዘጋጁት የሙዚቃ ድግስ ሄድኩ። ከአገር ቤት አራት ዘፋኞች ይመጣሉ ተብለን ነበር። ብዙ መቶ ሰው ሆነን ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። የሚጠጣ ውሃ እንኳ አልነበረም። በመጨረሻ መድረክ ላይ የወጣው አንድ ኦርጋን ተጫዋች ብቻ ነው።

ተነስቼ «ዘፋኞቹስ የት አሉ?» ብዬ ጮህኩ። ሌሎችም «አታላይ!» እያሉ ተቀበሉኝ።

አዘጋጁ፣ ያገራችን ሰው፣ ማይኩን ያዘ።

«ጩኸታችሁ ውጭ ከተሰማ ፖሊስ ይመጣል። ኢቃማ ያለው ይጩህ!» አለ።

ግቢው ባንዴ ጭጭ አለ። አጠገቤ የቆመ የግንባታ ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እህቴ፣ በአላህ ተቀመጪ። እኔ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ ከያዙኝ ወደ አገር መባረሬ ነው» አለኝ።

እኔ ኢቃማ ነበረኝ። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ኦርጋኑ ሲጀምር ያ ሁሉ የተቆጣ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኔም አጨበጨብኩ።