ያጠብኩት ሽምብራ

ማለዳ 12 ሰዓት፣ ፕሪንስዳል

መኮትኮቻና ባዶ ፌስታል ይዤ ከሰፈሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ ታደሰ ኦከርን በሚገኘው፣ እዚህ በሰው አገር ሲከየም በሚሉት የአረጋውያን መታከሚያ፣ ከተኛ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ከአልጋው እንደማይነሳ ነግረውናል። ትናንት፣ "አንድ ሽምብራ ከነሥሩ ነቅለሽ አምጪልኝ። ባክቴሪያዋን ዘሩ ላይ ለውሼያት ነበር፤ ሥሩ ውስጥ መግባቷን ልይ" አለኝ።

ክው አልኩ። ያ ዘሩ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ነገር ሻጋታ መስሎኝ ነበር! እሱ በድንገት ታሞ ሲወሰድ ዘሩን የዘራሁት እኔ ነኝ። የሃያ ዓመት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ የጠቆረ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ዘሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሦስቴ አጥቤ ዘራሁት።

3 ሰዓት፣ ፉሩሴት

ከሰፈሩ ፎቆች ጀርባ ያለችው የአትክልት መደባችን ላይ ጎመኑ አምሮበታል፤ ሽምብራው ወይቧል። ታደሰ አገር ቤት የእርሻ ባለሙያ ነበር። "ሽምብራ የራሱ ባክቴሪያ አለችው፤ እዚህ አገር አፈር ውስጥ የለችም" ይለኝ ነበር። "ሥሩ ይጠራታል። የሥሩ ፀጉር ጥቅልል ብሎ ያስገባታል፤ እባጭ አብጦ ቤት ይሆናታል። እሱ ስኳር ያበላታል፣ እሷ ከአየር ናይትሮጅን ይዛ ትሰጠዋለች።"

"እኛን ይመስላሉ በለኛ!" እለው ነበር።

"ኧረ እነሱ አይነታረኩም!"

አንዱን ነቀልኩ። እባጭ የለውም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ባዶ። መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

4 ሰዓት ተኩል፣ ባቡር ላይ

ከጎኔ የተቀመጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ ከፌስታሌ ብቅ ያለውን ቅጠል አዩ።

"ሽምብራ አይደለችም እንዴ? ለማን ነው?"

"ለታመመ፣ አባባ።"

"ይማርልሽ ልጄ። ሥሯ እንዳይደርቅ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልያት።"

ጠቀለልኳት። ታደሰን፣ "ስነቅለው እባጮቹ ረገፉ" ልበለው ይሆን? እስከ ኦከርን ድረስ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ሄድኩ።

6 ሰዓት፣ ኦከርን

ታደሰ መነጽሩን አጠለቀ። ሥሩን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ዳሰሰው።

"ባዶ ነው" አለ። ፊቱ ሲጠወልግ አየሁ። መዋሸት አቃተኝ።

"ታደሰ፣ እኔ ነኝ። ዘሩን አጠብኩት። በሳሙና።"

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ለካ እየሳቀ ነው።

"ስንቴ?"

"ሦስቴ።"

"ወይ አንቺ ሴት! ምን ዓይነት እጅ ላይ ጣለኝ!"

እኔ አለቀስኩ። ሥሩን ደረቱ ላይ አደረገው፤ አፈሩ ነጩ አንሶላ ላይ ፈሰሰ። ላራግፍ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተዪው። የተረፈው የባክቴሪያዋ ዱቄት ፍሪጅ ውስጥ አለ። ለከርሞ ስትዘሪ ዘሩ ላይ ለውሺው፤ እንዳታጥቢው።"

ስትዘሪ ነው ያለኝ። ስንዘራ አላለም።

"እሺ" አልኩት። አፈሩን እዚያው ትቼ እጁን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።