አሜን የምትለዋ ሰንጢ

ባለፈው ቅዳሜ ለማኅበር የሚሆን ጌሾ ልገዛ ደባርቅ ገበያ ወጥቼ ሳለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ የሚል፣ አጭርና ደረቅ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው ዘወር አይልም፤ የእኔ እግር ግን እዚያው ቀረ። ሰንጢ ሲዘጋ ነው። የዛሬ ሰንጢ ደግሞ እንዲህ ብሎ አይዘጋም። ይህ ድምፅ እኛ ቀዬ «አሜን» ይባል ነበር።

ያደግሁት ከዳባት ወጣ ብሎ በሚገኝ ደብር አጠገብ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ተማሪ አስተምረው በሚተርፋቸው ጊዜ ብራና ላይ ጎንበስ ብለው ይጽፋሉ። ከዕቃቸው ሁሉ ከመጻሕፍቱ ቀጥሎ የምትከበረው ሰንጢያቸው ነበረች፤ እጀታዋ ጥቁር ቀንድ፣ ከስለቷ ሥር ትንሽ የበሬ ራስ የተቀረጸባት፣ ስትታጠፍ ከመዳፍ የማታልፍ። «ባለ በሬዋ» ትባላለች። በየትኛው አገር እንደምትሠራ የሚያውቅ አልነበረም። አያ ደምለው የሚባለው ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ሊማሊሞን ወርዶ ከዛሪማ ያመጣታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የጠየቀም የለም። አባቴ የመቃ ብዕር ሲቀርጹባት ልጣጩ እንደ ክር እየተጠቀለለ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል፣ እኔም አንሥቼ አሸተዋለሁ፤ ዝናብ የነካው ገለባ ይሸታል። ወንድሞቼ ወደ ጨዋታ ሲሮጡ እኔ ከአጠገባቸው ስለማልጠፋ መቃ መቅረጽ ያስተማሩት እኔን ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ከጽዱ ጥላ ሥር ለሰንበቴ ሲቀመጡ ዳቦው ገና ሳይመጣ ሰንጢው ከየኪሱ ይወጣል። ለዳቦው አንድ ሰንጢ ይበቃው ነበር፤ ግን ማን ሰምቶ። አንዱ እጀታዋን ቅቤ ቀብቶ ያመጣል፣ አንዱ የክንዱን ጠጉር ላጭቶባት ያሳያል፣ ሌላው ዶለዶመችብኝ ብሎ መሳያ ድንጋዩን ይዞ ይመጣል። ጎረቤታችን አያ ዋሴ ገበሬ ነው፤ ሚስቱን አመስግኖ አያውቅም ይባላል፣ ሰንጢውን ግን ሳያመሰግን ውሎ አያውቅም።

ደንቡ እንዲህ ነበር፤ ስለት ተከፍቶ ጸሎት አይፈጸምም። ማዕዱ ሲያበቃ አባቴ ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሰንጢውን በአንድ ላይ ያጥፋል። ቀጭ! ሰንጢዎቹም አሜን አሉ ይባላል። እኛ ልጆቹ ከዳቦው ይልቅ ያችን ቅጽበት ነበር የምንጠብቀው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እንደ ደረቀ አያ ደምለው አዲስ መልክ ያላት ሰንጢ ይዞ መጣ። እጀታዋ ቀይ ፕላስቲክ ነው። ከእጅ እጅ ዞረች።

«በሬውሳ?» አለ አያ ዋሴ።

«ጾም ሳይገባ አርደውት ይሆናል» አለ አያ ደምለው ገበያው እንዳይበላሽበት እየቀለደ።

«ይቺ ቆልማማዋስ?»

«የጠርሙስ መክፈቻ ናት።»

«የእኛ ጠላ እንደሆነ ጋን ውስጥ ነው። በዚህች ጋን ልከፍት ነው እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቁም። ተቀብለው ከፈቷት፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዘጓት፣ ከዚያ ለባለቤቱ መለሱለት።

«አትናገርም» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ አያ ደምለው እልህ ይዞት በአዲሷ ዳቦ ቆረሰ። ጸሎቱ መጨረሻው ደረሰ፣ የሌሎቹ ሰንጢዎች አሜን አሉ፤ የእሱ ግን መቆለፊያ አላት፣ መቆለፊያዋን ካልተጫኑት አትታጠፍም፣ እሱ ደግሞ መጫኛው ጠፋው። አባቴ ስለት ተከፍቶ ስላዩ የመጨረሻዋን ቃል በአፋቸው ያዙ። ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል፣ አያ ደምለው ያልበዋል። በመጨረሻ ያለ ድምፅ ታጠፈች።

«ደምሌ፣ ክርስትና አላስነሣሃትም እንዴ?» አለው አያ ዋሴ።

ያን ቀን ያልሳቀ የለም፤ አባቴም ጭምር። የሚጠፋ ነገር አጀማመሩ እንዲህ እንደሚያስቅ ያኔ አላወቅሁም።

ሽማግሎቹ መክረው ወደ ዛሪማ መልእክት ላኩ። በሬው ይመለስ፣ ቀንዱ ይመለስ፣ ድምጿ ይመለስ፤ ነጋዴው ለነጋዴ፣ ያም ለሠሪው ይንገርልን አሉ። አያ ደምለው መልእክቱን አድርሶ ተመለሰ። «ሳቁብኝ» አለ።

ከዚያ ባለ በሬዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። አንዷ እርሻ ውስጥ ወድቃ ቀረች። የአያ ዋሴ ከበሬው ኮቴ እሾህ ሲያወጣባት ተሰበረች፤ ለቅሶ እንደ ደረሰበት ሰው ደጁ ላይ ተቀመጠ፣ እኛም ሄደን «እግዜር ያጥናህ» አልነው። የአባቴ እጀታዋ ተሰነጠቀ፤ ባለ እጅ በናስ ሽቦ ጠምጥሞ አሰረላቸው። የሰንበቴው አሜን በየዓመቱ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የቀረችው የአባቴ ብቻ ነበረች። ሊያርፉ ሲሉ ወንድሞቼ እያሉ ሰንጢዋን ለእኔ ሰጡኝ። ተመስገን ብዬ ተቀበልኋት።

እግዚአብሔር አንድ ወንድ ልጅ ሰጠኝ፤ ስሙ ይበልጣል ነው። ይበልጣል አድጎ ለሰሊጥ አረም ወደ ቆላ ሲወርድ ሰንጢዋን ሰጠሁት። በእኛ ዘንድ ለስጦታ የሚሆን ሰንጢ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ተከፍቶ ይቀመጥለታል፣ ተቀባዩ አንሥቶ ራሱ ይዘጋል። መደቡ ላይ አኖርሁለት። ከመሳል ብዛት ስለቷ ቀጥኖ እንደ ሰንበሌጥ ቅጠል ሆኗል።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለባት» አለኝ።

«ዝጋት» አልሁት።

ቀጭ አለች። «አሜን» አልሁ። ስሞኝ ሄደ።

ሰሊጡ ታጨደ። አብረውት የወረዱት ተመለሱ፤ መንገድ ላይ ተለያየን አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም። ከተመለሰ ለእመቤታችን የታቦት ጥላ ላስገባ ተሳልሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ዘወር ስል፣ ሸራ ላይ ቁልፍና ባትሪ የሚሸጥ ወጣት ሰንጢ ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሬው ካለሁበት ታየኝ። ጌሾውን አስቀምጬ ተንበረከክሁ።

«ከየት አገኘሃት ልጄ?»

«ከቆላ የመጣ ሰው ነው የሸጠልኝ፣ እማማ። ኦሪጅናል ናት! አዲሶቹ ኮፒ ናቸው።»

ተቀበልኋት። ወደ ብርሃን አዙሬ አገላበጥኋት። የናሱን ሽቦ ፈለግሁ። የለም። እጀታዋ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለበትም፤ ስለቷም ወፍራም ነው፣ ገና ብዙ ዓመት የሚሳል። የይበልጣል አይደለችም።

ተመስገን አልሁ። አልሞተም ማለት ነው፣ ቢያንስ ይህች ሰንጢ ሞቱን አልነገረችኝም። ከዚያ ቆይቶ ሌላው ሐሳብ መጣ፤ የእሱ ብትሆን ኖሮ አንድ ነገር ዐውቅ ነበር። ዛሬም ምንም አላወቅሁም። አባቴ የሉም፣ አያ ዋሴ የለም፣ አያ ደምለው የለም፤ የሰንጢዋን ድምፅ ለይቶ ከሚያውቅ ሰው ደባርቅ ገበያ መካከል እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ እኔም የምሰማው የሰው ሰንጢ ነው።

«ልዝጋልሽ እማማ?» አለኝ ወጣቱ፣ ስለቷ እጄ ላይ እንደ ተከፈተ ስቆይ።

ዘግቼ ሰጠሁት። አሜን አለች፣ ጥርት አድርጋ፣ እንደ ድሮው።

በአማርኛችን የሰንጢ አፍም ስለት ነው፣ ለታቦት የሚሳሉትም ስለት ነው። የእሷ ተዘጋ። የእኔ እንደ ተከፈተ ነው፤ ስለት ተከፍቶ ደግሞ ጸሎት አይፈጸምም። ማታ ማታ ጸሎቴን እዚያች የመጨረሻዋ ቃል ላይ አደርሰዋለሁ፣ አባቴ ያን እሑድ እንዳደረጉት በአፌ ይዤ እጠብቃለሁ።