የብዙዬ ተራ

ደሴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ስበላ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ጽሕፈት ያለበት ነገር ሁሉ እኔ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የማርያም ማኅበራችን ሲቋቋምም «መምህር ቀለሙ ይያዘው» ተባለና ጸሐፊ ሆንኩ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ማን እንደሚደግስ ተራውን መጻፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተራውን ስጽፍ ብዙዬን ዘለልኳት። ክፉ ሆኜ አይደለም። ክፉ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ክፋቱን ያውቃልና ንስሐ ይገባል። እኔ ግን የዘለልኳት አዝኜላት ነው።

ብዙዬ ልብስ አጣቢ ነበረች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባሏን ወረኢሉ ቀብራ፣ የአንድ ልጇን እጅ ይዛ ደሴ ገባች። ልጅቱ አድጋ ቤይሩት ሄደች፤ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ጻፈች፣ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። የመጨረሻውን ደብዳቤ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ምንም የሌለበት ደብዳቤ ነበር፤ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በዚያው ዓመት ነው ማኅበሩን ካላስገባችሁኝ ብላ የለመነችን።

ከሰኞ ገበያ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ ከይሪያ የምትባል ሙስሊም ጎረቤቷ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። የማኅበርተኛውን ሁሉ ልብስ ያጠበችው እሷ ናት። የሁላችንንም አንሶላ ታውቃለች፤ የሷን ቤት ግን አንዳችንም አናውቀውም። ማኅበር ስትመጣ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እዚያ ተቀመጪ ያላት የለም፣ ከዚያ ተነሺ ያላትም የለም።

ጽዋችን በነጭ ጨርቅ የሚሸፈን የሸክላ ዕቃ ነው። ድግሱ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ይቀበልና ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋው ካደረበት ቤት እመቤታችን አደረች ይባላል። እኛ ይህን የምንለው ለወጉ ነው፤ ብዙዬ ግን ከልቧ ታምነዋለች። በየዓመቱ መስከረም ላይ አዲሱን ተራ ሳነብ ጠብቃ ትጠጋኛለች።

«ጋሼ ቀለሙ፣ የኔ ተራ መቼ ነው?»

«ይደርሳል ብዙዬ፤ ምን አስቸኮለሽ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እንደማይደርስ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ሳታውቅ አልቀረችም።

በ1997 ዓ.ም. የታኅሣሡ ተረኛ የማኅበሩ ሙሴ አቶ ወንድምአገኘሁ ነበር። ሙሴ የምንለው ማኅበሩን የሚመራውን ሰው ነው። የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው፤ በዚያ ዓመት ኮምቦልቻ ቤት ሠርቶ ጨርሶ ነበርና ቤቱ እንዲባረክ ሁላችንንም በሚኒባስ አሳፍሮ ወሰደን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ስንገባ ጋቢያችንን አውልቀን ታቀፍን። ቤቱ እውነትም ቤት ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ ጽናት ክፍሎቹን አንድ ባንድ ስታሳየን ብዙዬ ጓዳ ገብታ ዕቃ ታጥብ ነበር።

ድግሱ አልቆ ጽዋው ሊነሣ ሲል አንድ ችግር መጣ። የጥር ወር ተረኛ እናቱ ሞታበት ሐዘን ላይ ነው። ጥር ሃያ አንድ ደግሞ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ድግሷ ከሌላው ወር ይከብዳል።

«ማን ይተካው?» አለ ወንድምአገኘሁ።

ሁሉም ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። እኔም ያየሁት ጣራውን ነው፤ ቆንጆ ኮርኒስ ነበረው። ያኔ ከበሩ በኩል፣ እጇ ገና በውሃ እንደራሰ፣ ብዙዬ «እኔ እቀበላለሁ» አለች።

«ኧረ ብዙዬ!» አለች ጽናት። «አንቺንማ አናስቸግርም፣ የኔ እናት።»

የንስሐ አባታችን መምሬ አግማስ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ጽዋውን ይዘው ነበር። «እመቤታችን ቤት አትመርጥም» አሉና አስታቀፏት።

ሐረጎን ስንወጣ ከፊቴ ነበር የተቀመጠችው። በየጠመዝማዛው ጽዋውን በሁለት እጇ ጥብቅ እያደረገች፣ ለብቻዋ ቀስ ብላ ታዜም ነበር። ተረኛን እየዘመሩ እስከ ቤቱ መሸኘት ሥርዓታችን ነው። ያን ቀን ግን አንዱ እንቅልፍ ወሰደው፣ አንዱ ስለሚመጣው ምርጫ ይከራከራል። ደሴ ስንደርስ ብርዱን አሳበብንና ከመኪናው እንደወረድን ተበተንን። ጽዋውን ታቅፋ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች።

ነገሩ ስለከነከነኝ ጥር አጋማሽ ላይ ልጠይቃት ሄድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያን ደጅ ረግጬው አላውቅም። ብዙዬና ከይሪያ እጃቸው እስከ ክርናቸው ኖራ ሆኖ ግድግዳ ይቀባሉ።

«አብሽሪ ብዬሻለሁ!» ትላለች ከይሪያ። «አግዳሚው ከኔ፣ ብርጭቆው ከኔ፤ ምን ቀረሽ?» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ሰዎቹ ይመጣሉ አይደል? ወላሂ፣ ይችን ሴት እንዳታሳፍሯት» አለችኝ።

«ይመጣሉ» አልኳት።

ብዙዬ ክፍሏን በእርምጃ እየለካች ማን የት እንደሚቀመጥ አሳየችኝ። መምሬ እዚህ፣ ሙሴው እዚያ፣ እርስዎ ከመምሬ ጎን አለችኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ባለቤት አይደለሁ እንዴ? ባለቤት መች ይቀመጣል!» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አስተርእዮ ማርያም ደረሰች። ከቅዳሴ ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ ከይሪያ ግቢ በር ላይ የወንድምአገኘሁ ፒክአፕ ቆሟል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው! ጽናት የፕላስቲክ ወንበር፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ሁለት ድስት ወጥ፣ በጀሪካን ጠላ፣ ጠረጴዛ የሚያህል ነጭ ዳቦ ጭና መጥታለች። ሠራተኞቿ የከይሪያን አግዳሚዎች አንሥተው ግቢ ውስጥ ከምረዋቸው ነበር።

«እንዳትቸገሪ ብለን ነው እኮ» ትላታለች ብዙዬን፣ ትከሻዋን እያሻሸች። ክፋት አልነበራትም፤ የምትናገረው ከልቧ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ብዙዬ። ሌላ ምን ትበል?

ሁላችንም መጥተናል፤ አንድም ሰው አልቀረም። ጽናት ባመጣችው ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ጽናት ባመጣችው ብርጭቆ ጠላ ተቀዳልን። ብዙዬ ጠላ የጠመቀችበት ጋን ከመጋረጃው ጀርባ ተገፍቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዳቦ ቀረበ። አንዱ የጽናት ነው። ሌላው አነስ ያለ፣ ገብስ ስለተቀላቀለበት ጠቆር ያለ፣ የተጋገረበት ኮባ ገና ከሥሩ ያልተላጠ ድፎ ነው። ብዙዬ ባለቤት አይቀመጥም እንዳለችው አልተቀመጠችም፤ መቀመጫም አልተረፈም።

በማኅበራችን ሥርዓት መጀመሪያ የሚባረከውና የሚቆረሰው የተረኛዋ ዳቦ ነው። እሱ ሳይቀመስ ሌላ አይቀመስም። መምሬ አግማስ ዓይናቸው ደክሟል። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው መስቀላቸውን አነሡና፣ ከጎናቸው ስለነበርኩ ወደኔ ዘንበል አሉ።

«የተረኛዋ ዳቦ የቱ ነው፣ ቀለሙ?»

ማንም አላስገደደኝም። ጽናትም አልጠቀሰችኝም፣ ወንድምአገኘሁም አላየኝም። ትልቁ ነጭ ዳቦ ለበዓሉ የሚገባው መሰለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ያ ጠቋራ ዳቦ ማኅበራችንን የሚያሳንስብን መሰለኝ።

«ይኼኛው» አልኳቸው። እጃቸውንም ይዤ ነጩ ላይ አሳረፍኩት።

ባረኩ፣ ቆረሱ፣ ታደለ። ቀና ስል ብዙዬ በሩ አጠገብ ቆማ እኔን ታየኛለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጣፋችና ወጥ ልታቀርብ ሄደች። ከዚያ በኋላ የበላሁት አልጣመኝም፤ ግን በላሁ። ሌሎቹ ጠግበው፣ መርቀው፣ «እንዲህ ያለ ደስ የሚል ማኅበር!» እያሉ ወጡ። ብዙዬ ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ አስረከበች። ፒክአፑ ወንበሮቹን ጭኖ ሄደ። ድፎው እንደተቀመጠ ነበር።

የካቲት ሃያ አንድ ብዙዬ ማኅበር አልመጣችም። መጋቢትም ቀረች። አሟት ይሆናል ተባባልን፤ ታማ እንደሁ ሄዶ የጠየቃት ግን የለም። አንድ ቀን ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ከይሪያ ከኋላዬ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ያንን ዳቦ ማን በላው መሰልዎ? እሷ አልቀመሰችውም፤ እኔ ነኝ ቆርሼ ለጎረቤት ያደልኩት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በላው፣ ማሻአላህ፣ ግሩም ዳቦ ነበር። ጋኑን ግን በማግሥቱ ደፋችው። እኔ እንኳ ብለምናት እንቢ አለች።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ብዙዬ የሰው አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ አብሳ ወደ በሯ መጣችና ደፉ ላይ ቆመች። እጅ ነሣችኝ፤ አክብሮቷ አልጎደለም።

«ብዙዬ፣ የዳቦው ነገር የኔ ጥፋት ነው። መምሬን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ሲጠቁሙ አየሁ እኮ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ቂም ይዤ ቁርባን አልነካም» አለችኝ። «ልጄ ከጠፋች ወዲህ ቤቴ ሰው ቢገባልኝ ብዬ ነበር ማኅበር የገባሁት። ሰው ሲሞላው ብቸኝነቱ የሚለቀኝ መስሎኝ። ያን ቀን ግን ቤቴ ሞልቶ ሳለ ብቸኝነት የተሰማኝን ያህል፣ ባዶውን ሆኖም ተሰምቶኝ አያውቅም።»

«በሚመጣው ሃያ አንድ ነይ፤ ተራሽን እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ማንም ምንም ሳያመጣ...» አልኩ። አልጨረስኩትም።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ልፋት አይሁንብዎ።»

ከጀርባዋ በሩ ገርበብ ብሎ ግድግዳው ይታየኝ ነበር፤ ኖራው ገና ነጭ ነው። ወሎ ውስጥ ደጁ ላይ ለቆመ ሰው፣ ጠላቱም ቢሆን፣ «ይግቡ» የማይል የለም። ቤቱ ባዶ ቢሆን እንኳ ውሃ ቀምሰው ይሂዱ ይባላል። ቃሉን እስክትለኝ ቆሜ ጠበቅኩ፤ አንድ እግሬም ወደ ደፉ ተጠግቶ ነበር።

ብዙዬ ከደፉ አልተንቀሳቀሰችም። «ደህና ይዋሉልኝ» ብላ በአክብሮት ጎንበስ አለች። እኔም ደህና ዋይ ብያት ዳገቱን ወጣሁ።