በከዘራው ጫፍ ላይ ያለ አፈር

አያቴ እርሻ ሲያቋርጡ ከዘራቸውን ሳይተክሉ አያልፉም ነበር። ይነቅሉና ጫፉ ላይ የቀረውን አፈር አይተው፣ አጠገባቸው ላለው ሰው «እስቲ እየው» ይላሉ። ትናንት የአርባ ቀናቸውን ተዝካር አወጣን። ቤቱ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ እኔ የማስበው ግን ያንን ከዘራ ብቻ ነበር።

የገጠሩ መሬት ለግብር በደረጃ ተለይቶ በካርታ ሲሰፍር፣ ከመዝጋቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። አምበር ከተማ አጠገብ ያለው የአያቴ ማሳ በጋ ስለነበር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከመንገድ ዳር ሆኜ አየሁትና «ጠፍ» ብዬ መዘገብኩት። ካርታውን ሳሳያቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ግብሩ እኮ ይቀንስልዎታል፣ አባባ» አልኳቸው።

«መሬቴን ሰደብሃት» አሉኝ። «ነገ ለመንገዱም ለትምህርት ቤቱም ቦታ የሚመራው ይህንን ወረቀት እያዩ ነው። ጠፍ ናት ብለው ድንጋይ ቢደፉባት ምን ልትላቸው ነው?»

እጄን ይዘው ማሳው ድረስ ወሰዱኝ። ከዘራውን በስንጥቁ አስገብተው ሲነቅሉት፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ጫፉ ላይ እርጥብ ጥቁር አፈር ተጣብቆ ወጣ። «እስቲ እየው» አሉ። አፈርኩ፤ «ለም» ብዬም አረምኩት።

ከዚያ ወዲህ ማሳው ድረስ ሳልወርድ የማንንም መሬት ደረጃ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት አማኑኤል ከተማ አጠገብ አንድ ማሳ ላይ ዱላ ተክዬ ነቀልኩ፤ እሳቸው የሚወዱት ዓይነት አፈር ወጣ። «አባባ፣ እስቲ ይዩት» ብዬ ዞር አልኩ።

ሜትሩን የያዘው ባልደረባዬ ሰምቶኝ አቀረቀረ።