በብር ስባሪው ላይ የተጻፈው

ከመሬት የወጣን አሮጌ ሳንቲም በምራቅ አይጠርጉትም። ይህን የተማርኩት አንዱን በአውራ ጣቴ ፈትጌ የንጉሡን አፍንጫ ካጠፋሁ በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ሰውዬ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ያን ቀን አልተቆጡም። አፍንጫ የሌለውን ንጉሥ አገላብጠው አዩና ብቻ፣ «አሁን ይህ ማን እንደነበር ማንም አያውቅም» አሉኝ። ከስድብ የባሰ ነበር።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ዋይት ሲቲና ሃርልስደን መካከል ስመላለስ እውላለሁ፤ እሑድ እሑድ ግን ከለንደን ጫፍ ወዳለ አንድ እርሻ ሄጄ ብረት ፈላጊ መሣሪያዬን አፈር ላይ አወዛውዛለሁ። እኒያን ሽማግሌ ጨምሮ ስድስት ሰባት ሰዎች ነን። ባለ እርሻው ያውቀናል፣ ፈቅዶልናል። መሣሪያው በጮኸ ቁጥር ልብ ይዘላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የቢራ ጣሳ ነው። አንዳንዴ ግን የወታደር ኮት ቁልፍ፣ የእርሳስ ጥይት፣ የቀበቶ ዘለበት ይወጣል፣ አልፎ አልፎም ሳንቲም። ከመቆፈሩ ይልቅ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ አንዲትን የዛገች ነገር መዳፍ ላይ አድርጎ «ማን ነሽ?» ማለትን።

ሽማግሌው ለዚህ አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ የምታየውን ንገረኝ፤ የምታውቀውን በኋላ። ክብ ነው? ጠርዙ ጥርስ አለው? ፊቱ ወዴት ዞሯል? እኔ «የቪክቶሪያ ነው!» ብዬ ስቸኩል እንደገና እስክጀምር ይጠብቁኛል። ችኩል መሆኔን ሚስቴም ትመሰክራለች።

ባለፈው መከር ሽማግሌው አጥሩ ጥግ ካለው ዋርካ የሚያህል ዛፍ ሥር ተንበርክከው ቆዩ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው እስኪነሱ እንጠብቃለን፤ ያን ቀን ግን አልተነሱም። ስንጠጋ መዳፋቸው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስስ ብር ነበረች። ግማሽ ክብ ናት፤ መካከሏ ላይ በስለት ቀጥ ብላ ተቆርጣለች። በማጉያ መስተዋታቸው አዩአትና መስተዋቱን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይህ የእናንተ ጽሑፍ አይደለም?» አሉኝ።

ዐረብኛ ነበር። ፊደሉ ጥንታዊ ነው፤ ነጥብ የለውም፣ ማዕዘን ማዕዘን ይበዛበታል። መካከሉ ላይ «አላህ» የሚለውን ለየሁ። ጠርዙን ተከትሎ የሚዞረው ጽሑፍ ደግሞ በ«ቢስሚላህ» ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አፌ ራሱን ችሎ ሄደ። «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» አልኩ፣ በዜማ፣ እስከ መጨረሻው፤ «በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቁርኣን ቤቴ መናገር አለብኝ። ደሴ ነው የቀራሁት። የእኛ ሸይኽ የሚወዱት ሳያቋርጥ የሚያነበንብን ልጅ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ አልቆምም። ሉሁ፣ የእንጨት ሰሌዳው፣ ፊቴ ይቀመጣል፣ ዐይኔ መስኮቱ ላይ ነው፣ አፌ ይሮጣል። ፊደሎቹን በመልክ አውቃቸው ነበር፤ ሳንግባባ የተለያየን ጎረቤታሞች ነን። አባቴ ለሱቅ ሥራ ሲያስወጣኝ ብዙ ሱራ በቃሌ ነበር፣ አንዷንም ግን በጣቴ ተከትዬ አንብቤ አላውቅም።

እርሻው ላይ ይህን ማን ያውቃል? ሁሉም ከበው ያዩኛል። እኔም ቀጠልኩ። ክታብ ነው፣ በእኛ አገር ሂርዝ እንለዋለን፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል አልኩ። ለሁለት የተቆረጠውም ወንድማማቾች ሲለያዩ ተካፍለውት ነው አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የጸሎት ዕቃ ከእኔ የኮት ቁልፎች ጋር ቆርቆሮ ውስጥ መኖር የለበትም» ብለው ብሯን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ባለ እርሻውም በጄ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክለቡ ውስጥ «ፕሮፌሰር» ሆንኩ። የተገኘው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። በዚህ አገር ስኖር ሰው የሚጠይቀኝ «ይህ አውቶቡስ እዚያ ይቆማል?» ብሎ ነው፤ አሁን «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠብቁኛል። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ብሯን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኳት። ሚስቴ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ልጅ ሆና የሚያስቀራት አላገኘችም፤ አምና ነው መስጊድ ውስጥ የቅዳሜ የሴቶች ክፍል ገብታ ከመጀመሪያው ፊደል ከአሊፍ የጀመረችው። በሱቅ ታፔላ ላይ ያለውን ዐረብኛ ሁሉ እየቆመች በጣቷ ትቆጥራለች። «አንቺ እስክትጨርሺ ቂያማ ይቆማል» እያልኩ እስቅባት ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ብሯን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አገኘኋት። ማጉያ መስተዋቴን ይዛለች፤ ስልኳ ላይ የጥንት ፊደሎች ሰንጠረዥ ከፍታለች።

«ረህማን የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«ጠርዙ ላይ ነዋ።»

«በጣትህ አሳየኝ።»

አስተማሪዋ የሚሏት ይህንኑ ነው። ጣቴን አነሳሁ፤ የማሳርፍበት አጣሁ።

«ረህማን ቢሆን ከአላህ ቀጥሎ አሊፍና ላም የሚባሉት ፊደሎች መምጣት ነበረባቸው። የሉም» አለች። «እኔ ስለማልችል ይሆናል ብዬ ሦስቴ ቼክ አደረግሁት።»

ለራሷ ጊዜ ሰጠች። ሳምንት ሙሉ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ቅዳሜ ለአስተማሪዋ አሳየች። እንዲህ ይላል፦ በአላህ ስም፣ ይህ ድርሀም በመዲነተ ሰላም ተቀረጸ፣ በ… ዓመት። ዓመቱ ላይ ሲደርስ ብሩ ተቆርጧል። መዲነተ ሰላም ማለት የድሮዋ ባግዳድ ናት። ሂርዝ አይደለም። ወንድማማች የለም። ሳንቲም ነው፤ እዚህ አገር ሲደርስ ሰው ብሩን እየመዘነ ሊገበያይበት የቆረጠው ገንዘብ።

ሽማግሌው አንድ ቀን መኪናቸው ውስጥ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቆፍሩ የተመኙት አንድ ነገር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ከሩቅ የመጣ ጥንታዊ ሳንቲም። ይህ ደግሞ ጉልበታቸው የፈቀደላቸው የመጨረሻ ወቅት ነው። ያ ሳንቲም እኔ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ነው ያለው።

«ወደውና ፈቅደው ነው የሰጡኝ» አልኩ።

«የሰጡህ የጸሎት ዕቃ ነው። ድርሀም አልሰጡህም» አለች።

ልክ ነበረች፤ ስለዚህ ተቆጣሁ። ሁለት እሑድ ኦቨርታይም አለብኝ ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ ብሯ አልነበረችም ያስጨነቀችኝ። «ፕሮፌሰር» መባሌ መቅረቱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ትንሽ ቢዘገይልኝ እመኝ ነበር።

በሦስተኛው እሑድ ከሚስቴ ጋር ሄድን። የወቅቱ ማብቂያ ነበር፤ ሽማግሌው መሣሪያቸውን ከረጢት ውስጥ ከተው መኪናቸው ላይ ተደግፈዋል። ሰው ሁሉ ባለበት ነገርኳቸው። «ያየሁትን አልነበረም ያነበብኩት፤ የማውቀውን ነው» አልኩ። ሕጋቸውን ስለሚያውቁ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። መዳፋቸውን ዘረጉ። ብሯን መለስኩ።

ሚስቴ ከአጥሩ ሥር የሣር አገዳ ነቀለችና በጫፉ እያመለከተች፣ ፊደል በፊደል አነበበችላቸው። እንግሊዝኛውንም ራሷ ተናገረችው። ሦስት ጊዜ አስደገሟት። «ባግዳድ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«በስንት ዓመት?»

«ዓመቱ ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ዛፉ አዩ። ከዚያ ከረጢቱን ፈቱ፣ መሣሪያቸውን አወጡና እያነከሱ ወደዚያው ጥግ ሄዱ። እስኪመሽ ቆፈሩ፤ ያገኙት አንድ የፈረስ ጫማ ሚስማር ነው። ስንለያይ ግን ለሚቀጥለው ወቅት ሚስቴን ጠሯት።

ድርሀሟ በአገሩ የጥንታዊ ግኝቶች መዝገብ ላይ ተመዝግባለች። ያገኟት ሽማግሌው፣ ያነበበቻት ሚስቴ። የእኔ ስም የለም፤ ለቅጽበት ቅር አለኝ፣ አልዋሽም። አሁን ጽሑፍ ያለበት ነገር ሲገኝ እኔን አልፈው ወደ እሷ ነው የሚሄዱት።

ቤት ውስጥ ከአሊፍ ጀምሬያለሁ፤ የምታስቀራኝ እሷ ናት። አፌ ሲሮጥ በማንኪያ ጠረጴዛውን ትመታለች። «በጣትህ» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት የቁርኣን መክፈቻ የሆነችው ፋቲሓ ላይ ደረስኩ፤ በልጅነቴ ዐይኔን ጨፍኜ የማንበለብላት፣ በየሶላቱ የምደጋግማት። አንዷን መስመር ለመጨረስ ሻይዬ ቀዘቀዘ። ሚስቴ አልሳቀችብኝም፤ መሳቅ ትችል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው የኖርኩት «ረህማን» ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው።